ሃምሳኛዋ የባሕር ልጅ

ሰምሃል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር ተወልዳ እዚያው ቢከን ሂል ያደገች፣ ለእናትና ለአባቷ አንድ ልጅ ናት። አንድ ልጅ መሆን ምን ያህል ሰፊ ነገር እንደሆነ የገባት ግን የአክስቷ ልጅ ሃሴት ሻንጣዋን እየጎተተች መኝታ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

የሃሴት እናት ባየሽ ዲቪ ደርሷት፣ ልጇን ይዛ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ ያገኘችው በአቅራቢያው ባለችው ከተማ በኬንት፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሺፍቷ ዛሬ ጧት ነገ ማታ እየሆነ ይገለባበጣል፤ የምትኖረውም ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ታላቅ እህቷ፣ የሰምሃል እናት የውብዳር፣ ይህን አይታ፣ "ልጅቷን ለእኔ ተያት። እዚህ ሆና ትማር፤ እሑድ እሑድ ትገናኛላችሁ" አለቻት። ሃሴት በዚህ መልክ መጣች። የውብዳር በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ ለእንግዳዋ ሰጠች፤ ሰምሃል ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሃሴት ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ክፉ አልነበረችም። ሳይሏት ሳህን ታጥባለች። ትልልቅ ሰዎችን አንቱ ስትል አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። አንዳንድ ማታ የውብዳር ከሥራ ደክማ ስትገባ፣ በአውቶቡስ ያየችውን ሰው እያስመሰለች እንባዋ እስኪፈስ ታስቃታለች። ሰምሃል ቀልዱ የሚገባት ዘግይቶ ነው። ለእናቷ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነበር፤ አማርኛውን ፈልጋ እስክታገኘው ወሬው ሌላ ቦታ ደርሶ ይቆያታል።

በዚያ ላይ ሃሴት ትዘምራለች። ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ማይክ የያዘች ዕለት መጋቢ ንዋይ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠርገዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የውብዳርን በር ላይ የሚያገኛት ሰው ሁሉ "የሃሴት አክስት" ይላት ጀመር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር። የእናቷን ደብዳቤ የምታነበው፣ የኢንሹራንስ ፎርም የምትሞላው፣ ዶክተር ቤት ኮል አድርጋ ቀጠሮ የምታስይዘው ሰምሃል ናት፤ ከአሥር ዓመቷ ጀምራ። ለዚህ ያጨበጨበ ሰው ግን አልነበረም።

በሰኔ መጨረሻ፣ ትምህርት በተዘጋ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ምእመናኑ አልካይ ባሕር ዳርቻ ወጡ። የዚያ አገር በጋ በሆነው በዚህ ወቅት እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ በጣም ይሸሻል፤ ሌላ ጊዜ ከውሃ በታች የሚውለው አሸዋ ተዘርግቶ፣ የጥንት ወደብ ቅሪት የሆኑት ጥቁር ግንዶች እስከ ሥራቸው ተራቁተው ይታያሉ። ምግብ ከተበላ በኋላ ሃሴት እንድትዘምር ለመኗት። ዘመረች። ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ሰሟት።

ስትጨርስ የውብዳር ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ፣ "የባሕር ሴቶች ልጆች አሉ ይባል የለም? ቢኖሩ ይህችን ሰምተው ኀፍረት በገደላቸው" አለች። ሁሉም ሳቁ።

"የራስሽ ልጅስ?" አለቻት ልዕልት የምትባል አዲስ የመጣች ሴት። "እሷስ ምን ትችላለች?"

ሰምሃል የውሃ ጠርሙሶች የሞሉበትን በረዶ ሣጥን ታቅፋ ከኋላቸው ቆማ ነበር። እናቷ ዞር ብላ አየቻት፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ውልብ ብሎ ጠፋ።

"ሰሚማ... ጤና ይስጥልኝ እንጂ፤ ምን እላለሁ" አለች።

ሰምሃል ሣጥኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ወደ ውሃው ሄደች። አላለቀሰችም። ደረቷ ውስጥ ግን ትኩስ ነገር እንደ ዋጠ ሰው ያቃጥላት ነበር። የመጨረሻው ግንድ ጋ ስትደርስ፣ "ምን እላለሁ አለች" የሚል ድምፅ ሰማች።

እርጥብ አሸዋው ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። በዕድሜ ከእሷ ብዙም የምትበልጥ አትመስልም። ፀጉሯ ባሕሩ እንደሚተፋው ቡናማ ሣር ሰፊና የሚያንሸራትት ነው፤ እግሯ የቆመበት አሸዋ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። የተናገረችው በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ ሰምሃል ልትለይ አልቻለችም፤ ብቻ ገባት።

"ማን ነሽ?"

"ከሃምሳ እህትማማቾች የመጨረሻዋ። አባታችን የባሕሩ ሽማግሌ ነው። ግሪኮች መሥዋዕት ሲያቀርቡ የእህቶቼን ስም ከታላቋ ጀምረው ይጠሩ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ይደክማቸዋል።" ልጅቷ ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነበር፤ ፊቷ ግን አልሳቀም። "እናትሽ ያለችውን እህቶቼም ሰምተዋል። ድሮም አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት እንዲሁ ተመጻድቃ ነበር፤ ልጄ ከእናንተ ትበልጣለች ብላ። ያኔ አውሬ ላክን። ልጅቷን ከቋጥኝ ጋር አሰሩልን። ከዚያ ክንፍ ያለው ጫማ ያደረገ ጎረምሳ በሰማይ መጣና አውሬውን ገደለው፤ ልጅቷንም አገባት። ከዚያ ወዲህ አውሬ አንልክም። አውሬ ይሞታል። አሁን የምንፈልገው ከቤት ውስጥ ሰው ነው።"

ሰምሃል ያን ጊዜ ዞራ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። "ምንድን ነው የምትፈልጉት?" አለች።

"ድምፅዋን። ከፀጉሯ አንድ ዘለላ አምጪና ባሕሩ በሸሸ ሰዓት እዚህ ግንድ ላይ እሰሪው።"

"እሷስ ምን ትሆናለች?"

"ድምፅዋን ነው ያልኩሽ።"

ይህ መልስ እንዳልሆነ ሰምሃል አውቃለች። ደግማ ግን አልጠየቀችም።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሃሴት ማበጠሪያ ይዛ መጥታ ከእግሯ ሥር ቁጭ አለች። "ሹሩባዬን ፍቺልኝ። አንቺ ስትፈቺው አያመኝም" አለቻት። እናቷ በዚያ ሳምንት ተጨማሪ ሺፍት ስለ ያዘች ሳታገኛት መቅረቷን እያወራች ሹሩባዋን አስፈታች፤ ሰምሃል "አሃ" ትላለች፣ ጣቶቿ ይሠራሉ። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ዕለት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ አልካይ ሄደች፤ ዘለላውን ግንዱ ላይ ሦስት ጊዜ አዙራ ቋጠረችው። ልጅቷን አላየቻትም። ከሩቅ ግን ማዕበሉ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚንሾካሾኩ መሰላት።

ማክሰኞ ጧት ሃሴት አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ማርና ዝንጅብል ተፈላ። ሐሙስ ዕለት የውብዳር ከሥራ ቀርታ ክሊኒክ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ ጉሮሮዋን አይቶ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ምናልባት ጭንቀት ይሆናል አለ። ይህን ለእናቷ ያስተረጎመችው ሰምሃል ናት። "ጭንቀት" የሚለውን ቃል ስትፈልግ ምላሷ ተሳሰረባት።

ለአንድ ቀን ያህል ደስ ብሏት ነበር፤ አይካድም። ቤቱ ፀጥ አለ፤ በአማርኛ የሚቀልድ ጠፋ። ይሁን እንጂ የሃሴት ዝምታ ከመዝሙሯ ይልቅ ቤቱን ሞላው። የውብዳር የሃሴት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታመሻለች፣ ፀጉሯን ትደባብሳለች፣ በእጇ ታጎርሳታለች። ባየሽ ከኬንት በባቡር እየተመላለሰች ታለቅሳለች። መጋቢ ንዋይ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጥተው ጸለዩ። ሰምሃልን ቀና ብሎ ያየ የለም፤ "ሰሚ፣ ውሃ አምጪ"፣ "ሰሚ፣ ፋርማሲ ኮል አድርጊ" ብቻ። ለመሆኑ እኔ ብታመም እማዬ እንዲህ ትሆንልኝ ነበር ወይ እያለች በኮሪደሩ ትንጎራደዳለች። ቅናት ሲያጎርሱት የሚጠግብ መስሏት ነበር፤ ጭራሽ አፉን ከፈተ።

ቅዳሜ ጧት ሃሴት ስልኳ ላይ ጽፋ አሳየቻት። "በእኔ ድምፅ የሚዘምር ሰው አለ። ውሃ ውስጥ ነው። አንቺም ይሰማሻል?"

ሰምሃል አነበበችው። "አይሰማኝም። ተኚ" አለቻት።

ሃሴት ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋች። እሑድ ሁሉም ለቤተ ክርስቲያን ሲለባበስ የመስኮቱ አልጋ ባዶ ነበር። የውብዳር ወጥ ቤት ናት ብላለች፤ ሌሊቱን እዚያው ያደረችው ባየሽ መታጠቢያ ቤት ናት ብላለች። ሰምሃል ግን ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር ወጣች። አባቷ ብዙነህ በር ላይ መኪናውን ሊያሞቅ ገብቶ ነበር፤ በሩን ከፍታ ገባችና "አልካይ ውሰደኝ፤ አሁን" አለችው። ብዙነህ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ፊቷን አይቶ ጥያቄውን ዋጠና ነዳ።

ባሕሩ እየተመለሰ ነበር። የተራቆተው አሸዋ በሙሉ ተሸፍኗል። አባቷ መኪናውን ፓርክ የሚያደርግበት እስኪያገኝ ሳትጠብቅ ዘላ ወረደች። ሃሴትን ከሩቅ አየቻት፤ የሌሊት ልብሷን እንደ ለበሰች ግንዱን ተደግፋ ቆማለች፤ ውሃው ወገቧን አልፏል። ግንዱ ጫፍ ላይ ያቺ ልጅ ተቀምጣ ትዘምራለች። በሃሴት ድምፅ፤ በዚያ ሰዎችን መንገድ ላይ ባስቆመ ድምፅ።

ሁለቱም ልጆች ዋና አይችሉም። ሰምሃል ገባች። ቅዝቃዜው ትንፋሿን ነጠቃት። እየተደናቀፈች፣ ድንጋዩን በእግሯ እየዳበሰች ስትደርስ ውሃው ደረቷ ላይ ነበር። ዘለላው አንድ ዘለላ መሆኑ ቀርቶ የሃሴት ፀጉር በሙሉ ግንዱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጭንቅላቷን ማዞር አትችልም። ሰምሃል ቋጠሮውን በጥፍሯ ያዘች። በጎተተችው ቁጥር እንደ ሽቦ ጠበቀ። በጥርሷ ሞከረች፤ ከንፈሯ ደማ።

ሃምሳኛዋ መዝሙሯን አቋርጣ ቁልቁል አየቻት። "ያሰረ እጅ አይፈታውም" አለች። "ማን እንዳሰራትና ለምን እንዳሰራት ለታሰረችው በአፍ ሲነገራት ነው የሚፈታው። ይህን የምነግርሽ ስለማልፈራ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት ቀናተኛ አይቻለሁ። መስረቁን ያመነ አለ፤ መግደሉንም ያመነ አለ። 'ቀናሁ' ብሎ የተናገረ ግን አንድም አላየሁም። እኔ ራሴ ለእህቶቼ ተናግሬ አላውቅም።"

ሰምሃል ወደ ሃሴት ዞረች። ዐይኖቿ ክፍት ናቸው፤ ይሰማታል። በእንግሊዝኛ መናገር ቀላል ነበር፤ በእንግሊዝኛ ጀመረች። የሃሴት ፊት ግን አልተለወጠም፤ ውሃው አንገታቸው ላይ ደርሷል፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው። በእንግሊዝኛ ስትለው የሌላ ሰው ነገር ይመስል ነበር። ተወችው።

"ያሰርኩሽ እኔ ነኝ" አለች። "ፀጉርሽን እሑድ ስፈታልሽ ወሰድኩት። አልጋዬን ስለወሰድሽ አይደለም። እማዬ... አንቺን ስታይ የምትስቀውን ሳቅ ለእኔ ስቃ አታውቅም። እንዲቀናሽ አልፈለግኩም። ቀናሁብሽ። ድምፅሽ ሲጠፋ ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።"

የመጨረሻዎቹን ቃላት ስትናገር ውሃ አፏ ገብቶ ነበር። የጨበጠችው ቋጠሮ እንደ በሰበሰ ክር ላላና በጣቶቿ መካከል ሄደ። ሃምሳኛዋ ልትዘምር አፏን ከፈተች፤ አረፋ ብቻ ወጣ። ሰምሃልን አየቻት። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ሊገባት የማይችል ነገር የሰማች ትመስላለች። ከዚያ ከግንዱ ተንሸራታ ገባች፤ ውሃው እንኳ አልተረጨም።

ሃሴት ሳለች። ሲያስላት ድምፅ ነበረው። ሰምሃል እግሯ መሬት ለቆ ስትሰምጥ የሃሴትን እጅ ያዘች፤ እየተጎተቱ፣ አንዷ ስትወድቅ አንዷ እየጎተተች፣ ብዙነህ ከነሱሪው ገብቶ እስኪቀበላቸው ድረስ መጡ።

ቤት ሲደርሱ ሰምሃል ብርድ ልብስ እንደ ደረበች ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጀምራዋለችና አታቆመውም። የባሕሯን ልጅ ነገር የውብዳር ትመን አትመን አልተናገረችም። የቅናቱን ነገር ግን አመነች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አንቺን ለሰው አላወራም" አለች። "ስንት ነገር አለኝ የማወራው። ግን ዐይን እፈራለሁ። በጌታ ያመነ ሰው ዐይን አይፈራም፤ መጋቢ ቢሰሙኝ ይገሥጹኛል። እፈራለሁ ግን። ካንቺ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። አንቺን ወልጄ ስታቀፍሽ፣ ይቺን ለማንም አላወድስም፣ ለማንም አላሳይም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ጤና ይስጥልኝ ብዬ አልፋለሁ። አንቺ እንደዚያ እንደምትሰሚው አላሰብኩም።"

ለሰምሃል አሥራ ሰባት ዓመት የጎደለ የመሰላት ነገር ተደብቆ የተቀመጠ ሆኖ ተገኘ፤ ልትደሰትም ልትቆጣም አልቻለችም።

"እኔን ግን ዐይን ቢበላኝ ግድ የለም ማለት ነው።"

ሃሴት በር ላይ ቆማለች። ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ከባሕሩ ከወጣች የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። የውብዳር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰምሃል የሃሴትን ፊት አየች፤ ያን ፊት በደንብ ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ስታየው ኖራለች።

ከዚያ በኋላ ሃሴት ለሦስት ሳምንት ሰምሃልን አላናገረቻትም። ለሌላው ሰው ታወራለች። ድምፅዋ ተመልሶላታል፤ ወፍራም ሆኗል፣ ከፍ ያለው ዜማ ይሰበርባታል፤ መጋቢ ንዋይ "አሁን የበሰለ ነው" አሏት። ሰምሃልን ግን ጨው አቀብዪኝ እንኳ አትላትም። ሰምሃልም አልለመነቻትም። ሊደረግ የሚገባው ይኸው ነው ብላ ተቀበለችው፤ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች፣ ሌሊት ሃሴት ስትስል ውሃ ቀድታ ራስጌዋ ታስቀምጣለች።

በሐምሌ መጨረሻ ባየሽ ቋሚ የቀን ሺፍት አገኘችና ኬንት ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራየች። "ልጄን ልውሰድ" ስትል የውብዳር አልተከራከረችም። እህቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሃሴትንም ለብቻ ጠርታ አንድ ሰዓት ያህል አወራቻት። ምን እንደ ተባባሉ ሰምሃል አልጠየቀችም። ሃሴት ስትወጣ ዐይኗ ቀልቶ ነበር፤ ትከሻዋ ግን ከወትሮው ወረድ ብሏል።

ዕቃው በሚጫንበት ዕለት ብዙነህ ከጓደኛው ፒክአፕ ተውሶ መጣ። ሁለቱ ልጆች ፍራሹን ከፊትና ከኋላ ይዘው ሲያወርዱ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ፍራሹ ተቀረቀረ። ሃሴት ቆመች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አለች። ከፍራሹ ማዶ ስለሆነች ፊቷ አይታይም። "ያን ቀን ነግረሽኝ ቋጠሮው ሲፈታ፣ ልተውሽ አሰብኩ። ግንዱን ይዤ መቆየት እችል ነበር። አንቺ ግን የምትይዢው አልነበረሽም። ትስጠም አልኩ በሆዴ።"

ሰምሃል ፍራሹን እንደ ያዘች ቀረች። "ለምን ታዲያ አልተውሽኝም?"

"እጄን ይዘሽው ነበራ። ልስበው ስል አለቀቅሽኝም።" "እኔም ቀንቼብሽ አውቃለሁ። ማታ ማታ እናትሽ ከሥራ ስትገባ፣ አንቺ ቀና ብለሽ እንኳ አታያትም፤ መጣች በቃ፤ ነገም ትመጣለች። እኔ እናቴን በሳምንት አንድ ቀን ለማየት ሰዓት እቆጥር ነበር። ሁሉን ሰው የማስቀው ወደ መጣሁበት እንዳልመለስ ብዬ ነው። እንግዳ ሲያኮርፍ አያምርበትም።"

ሰምሃል ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን ትንሽ መሰላትና፣ "ፍራሹን ወደ አንቺ አዘንብዪው፤ በጎኑ ይወጣል" አለች። ሃሴት አዘነበለችው። ወጣ።

ኬንት ሩቅ አይደለም። ሰምሃል ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ከባየሽ ጋር ሦስቱ ሲበሉ ይውላሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ፊልም ያያሉ። ቅናቱ አልሞተም። ሃሴት በምትዘምርባቸው እሑዶች፣ እናቷ ዐይኗን ጨፍና ስትሰማ ሰምሃል ደረቷ ላይ ያቺ ትኩስ ነገር ትነካካታለች። ያኔ መዝሙሩ እስኪያልቅ ትጠብቅና ወደ ሃሴት ሄዳ ዛሬም መቅናቷን በጆሮዋ ትነግራታለች። ሃሴት አንዳንድ ቀን ትስቃለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ታኮርፋለች።